ችቦው በማን እጅ ይሁን? በበዓላት ሰሞን ልጆችን ከእሳትና ከርችት አደጋ ስለ መጠበቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክረምቱ ሊወጣ ሲቃረብ በቤተ ክርስቲያናችን የእሳትና የብርሃን በዓላት ተከታትለው ይመጣሉ። ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ይከበራል፤ በየደጁ ችቦ ይበራል፣ ጅራፍ ይጮኻል፣ ልጆች እየዘመሩ በየቤቱ ይዞራሉ። በዘመን መለወጫ ዋዜማ ዳግመኛ ችቦ ይለኮሳል። ከዚያም የመስቀል ደመራ ይደመራል፤ በአንዳንዱ አካባቢ መስከረም 16 ቀን ማታ፣ በሌላው መስከረም 17 ቀን ማለዳ ይበራል። በልደትና በትንሣኤ ሌሊትም ምእመናን ጧፍ አብርተው ያስቀድሳሉ። ከቅርብ ዘመን ወዲህ ደግሞ በከተሞቻችን በዓል በመጣ ቁጥር የርችት ድምፅ መስማት የተለመደ ሆኗል።

በእነዚህ በዓላት ሁሉ ከፊት የሚገኙት ልጆች ናቸው። ችቦውን የሚሸከሙት፣ ደመራውን ቀርበው የሚዞሩት፣ አመዱን ለመውሰድ የሚሽቀዳደሙት፣ ርችቱን የሚለኩሱት እነርሱ ናቸው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለወላጆች፣ ለሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንና ለሰበካ ጉባኤ አባላት ተዘጋጅቷል።

1. የማይረሳኝ ምሽት

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ አጥቢያ የደመራውን መርሐ ግብር ከሚያስተባብሩት አንዱ ነበርሁ። ለመዘምራኑ ቦታ፣ ለካህናቱ ጥላ፣ ለእንግዶች ወንበር፣ ለድምፅ ማጉያው የመብራት መስመር የሚከታተል ሰው መድበን ነበር። ደመራው ተባርኮ ከተለኮሰ በኋላ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ተማሪ፣ ነጠላዋን እንደ ለበሰች ከእኩዮቿ ጋር እየዘመረች ስትዞር፣ ከኋላዋ አንድ ልጅ ከያዘው ችቦ የወደቀ ፍም የነጠላዋን ጫፍ ያዘው። ልጅቱ ደንግጣ ሮጠች፤ ሩጫዋም እሳቱን አራገበው። በእጇ ልታጠፋው ስትታገል አንድ አባት ደርሰው ጋቢያቸውን ጣሉባትና አጠፉላት።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከእሳቱ ባልተናነሰ ጎዳት። አንዱ ሊጥ፣ ሌላው የጥርስ ሳሙና ይዞ መጣ። «ውኃ እንዳይነካት!» የሚል ድምፅም ከሕዝቡ መካከል ተሰማ። የግቢው ቧንቧ ከተቀመጠችበት ሃያ እርምጃ አይርቅም ነበር። ወደ ሕክምና የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየች በኋላ ነው። ዛሬ በሕይወት አለች፤ እግዚአብሔር ይመስገን። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን እንደ ቀድሞው አይዘረጉም። ከበሮ መምታት እጅግ ትወድ ነበር።

ለድምፅ ማጉያው ሰው መድበን ለውኃው ሰው አልመደብንም ነበር። ከወቀሳው የመጀመሪያው ድርሻ የእኔ ስለ ሆነ ይህን ለመጻፍ ግዴታ እንዳለብኝ ይሰማኛል።

2. ትውፊቱ ችቦውን ለማን ሰጠ?

ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በደብረ ታቦር ብርሃነ መለኮቱን በገለጠ ጊዜ፣ አባቶቻችን በቃል እንዳቆዩልን፣ ብርሃኑ በአካባቢው ስለ ናኘ በተራራው አጠገብ ከብት የሚጠብቁ እረኞች መምሸቱን ሳያስተውሉ በዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸውም ልጆቻችን የት ቀሩ ብለው ተጨንቀው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። ዛሬ በየዓመቱ የምናበራው ችቦና ለልጆች የምንሰጠው ሙልሙል የዚያ መታሰቢያ ነው።

እንግዲህ ልብ እንበል፤ በዚህ ትውፊት ችቦውን የያዙት ወላጆች ናቸው። ችቦ የበራው የዘገየ ልጅ በደኅና ወደ ቤቱ እንዲመለስ ነው። እኛ ግን ቀስ በቀስ ችቦውን ከወላጅ እጅ አውጥተን ለልጅ ሰጠነው፤ ወላጁም በር ላይ ቆሞ ተመልካች ሆነ። ልጆችን ከእሳት አደጋ መጠበቅ በበዓሉ ላይ የተጨመረ አዲስ ሥርዓት ሊመስለን አይገባም። በበዓሉ ትርጉም ውስጥ ቀድሞም የነበረ ነው።

የደመራውም ምሥጢር ከዚህ አይርቅም። ንግሥት እሌኒ የጌታን መስቀል ስትፈልግ ኪራኮስ የተባለ አረጋዊ መክሯት እንጨት አስደምራ፣ ዕጣን ጨምራ አቃጠለች፤ ጢሱም ወደ ሰማይ ወጥቶ መስቀሉ ወደ ተቀበረበት ስፍራ ሰገደ። ያ እሳት በሽማግሌ ምክርና በጸሎት የተለኮሰ እሳት ነበር። የመስቀል በዓላችን እ.ኤ.አ. በ2013 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ አብሮ የተመዘገበው የሕዝቡ ሥርዓት ነው። ሥርዓት ደግሞ ኃላፊ ይፈልጋል።

ቅዱስ መጽሐፍም በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 ቁጥር 6 እሳት አንድዶ የሌላውን አዝመራ ያስቃጠለ ሰው እንዲከፍል ታዟል፤ እሳቱ ራሱ ሄዶ ነው የሚለው ምክንያት አላዳነውም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ከጣሪያው ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን ዙሪያውን መከታ እንዲያደርግ ተነግሮታል። እግዚአብሔር ጥንቃቄን የሚጠይቀው አደጋው ከመድረሱ በፊት ነው። አዝመራ ላስቃጠለ ይህን ያህል ከተጠየቀ፣ ሕፃን ላስቃጠለ ምን ያህል ይጠየቅ ይሆን?

3. «የተባረከ እሳት አይጎዳም» ስለሚለው አሳብ

ስለዚህ ጉዳይ ሳስተምር ደጋግሜ የምሰማው መልስ አለ። «ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያዳነ አምላክ፣ ቅዱስ ቂርቆስን ከፈላ ውኃ ያወጣ አምላክ የእኛን ልጆች ይጠብቃል» ይባላል። እውነት ነው፤ ይጠብቃል። ነገር ግን ሠለስቱ ደቂቅ ወደ እሳቱ የተጣሉት ጣዖት አንሰግድም በማለታቸው ነው፤ ቂርቆስም ስለ እምነቱ መከራ የተቀበለ ሰማዕት ነው። እነርሱን ወደ እሳት የላካቸው የንጉሥ ቁጣ እንጂ የወላጅ ቸልተኝነት አልነበረም።

ዲያብሎስ ጌታን በመቅደስ ጫፍ አቁሞ መላእክት ስለሚደግፉህ ራስህን ወደ ታች ጣል ባለው ጊዜ ጌታችን እግዚአብሔርን መፈታተን እንደማይገባ መልሶለታል (ማቴ. 4፥5-7)። የመላእክት ጥበቃ እውነት መሆኑን አልካደም፤ በዚያ ተማምኖ ወደ አደጋ መግባትን ግን ነቀፈ። ጸሎተ ቡራኬ እሳቱን ለበረከት ይለየዋል። የእሳትን ተፈጥሮ ግን አይለውጥም፤ የተባረከ ጧፍም እጅን ያቃጥላል።

4. አደጋው ከየት ይመጣል?

የዓለም ጤና ድርጅት በመላው ዓለም በየዓመቱ 180,000 ያህል ሰዎች በቃጠሎ እንደሚሞቱ ይገምታል። እጅግ የሚበዙት ሟቾች ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው። የሕፃን ቆዳ ከአዋቂ ቆዳ ይልቅ ስስ ስለ ሆነ በእኩል ሙቀት ጠልቆ ይጎዳል። በበዓላቶቻችን አደጋ የሚያመጡትን ምክንያቶች እንደሚከተለው ለይተን እንመልከት።

ሀ. እርጥብ እንጨትና ነዳጅ። ቡሄ በክረምት፣ መስቀል በክረምቱ መውጫ ስለሚውሉ እንጨቱ ብዙ ጊዜ እርጥብ ነው። አልነድ ሲል ነጭ ጋዝ ወይም ቤንዚን ይደፋበታል። የቤንዚን ተን በዓይን አይታይም፤ በመሬት ላይ ተስፋፍቶ ክብሪት የጫረውን ሰው ካለበት ድረስ መጥቶ በእሳት ይከበዋል። እየነደደ ባለ እሳት ላይ ሲደፋ ደግሞ ነበልባሉ ወደ ጀሪካኑ ሊመለስ ይችላል። መፍትሔው አስቀድሞ ማሰብ ነው፤ እንጨቱን ቀደም ብሎ ሰብስቦ ሸራ አልብሶ ማቆየት፣ ደመራው ሲደመርም ደረቅ ጭራሮ በመካከሉ ማኖር ይገባል።

ለ. ልብስ። ነጠላና የሐበሻ ቀሚስ ከስስ ጥጥ የተሠሩ፣ ጫፋቸው የተንጠለጠለ ስለ ሆኑ እሳት ፈጥኖ ይይዛቸዋል። ልጆች በደመራና በችቦ አጠገብ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ጫፉን አጥብቀው ሊቆሙ ይገባል። በቅዳሴ ሌሊት ጧፍ የያዘ ልጅ ከፊቱ ካለው ሰው ነጠላና ፀጉር ክንድ ያህል እንዲርቅ ማድረግ ያስፈልጋል። እንቅልፍ የተጫነው ሕፃን ጧፍ አይያዝ።

ሐ. የደመራው መውደቅና አመዱ። ሕዝቡ ምሰሶው ወደየት እንደሚወድቅ በጉጉት ይጠብቃል፤ ልጆችም ለማየት ይጠጋሉ። ከወደቀ በኋላ ምእመናን በአመዱ ግንባራቸውን በትእምርተ መስቀል ያትማሉ። ላይ ላዩን የቀዘቀዘ የሚመስል አመድ ግን ከሥሩ ፍሙን እስከ ማግስቱ ሊያቆይ ይችላል። በማለዳ በባዶ እግሩ ወደ አመዱ የሚገባ ልጅ የሚቃጠለው ከሌሊቱ ነበልባል ርቆ የነበረ ልጅ ሊሆን ይችላል።

መ. ርችት። ብዙ ወላጆች ሰማይ ላይ የሚፈነዳውን ርችት ይፈሩና በእጅ የሚያዘውን፣ ብልጭታ የሚረጨውን ቀጭን የሽቦ ርችት እንደ መጫወቻ ለሕፃን ይሰጣሉ። ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ የዚህ ርችት ጫፍ ግን 1,000 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ብልጭታው ካለቀም በኋላ ሽቦው እንደ ጋለ ይቆያል። የሚፈነዳው ዓይነት በእጅ እንደ ተያዘ ከፈነዳ ጣት ይቆርጣል፣ ዓይን ያጠፋል። ተለኩሶ ሳይፈነዳ የቀረ ርችት ከሁሉ ይብሳል፤ ልጆች ምን ሆነ ብለው አጎንብሰው ሲያዩት ፊታቸው ላይ ሊፈነዳ ይችላልና። የክብሪት ራስ እየፋቁ በብረት ውስጥ ጠቅጥቀው የሚያፈነዱ ልጆችም ብረቱ ተሰንጥቆ እንደሚወነጨፍ አያውቁም።

ሠ. ድምፁ። ግጭት ካለበት አካባቢ ተፈናቅለው በመካከላችን የሚኖሩ ልጆች አሉ። ለእኛ የደስታ የሆነው ፍንዳታ ለእነርሱ የተኩስ ድምፅ ነው። ሕዝብ በተጨናነቀበት ስፍራም ድንገተኛ ፍንዳታ ግርግር ያስነሣል፤ በግርግር መካከል ቀድሞ የሚረገጠው ሕፃን ነው።

ረ. የሚጥል በሽታ። ይህ በሽታ ያለበት ልጅ በእሳት አጠገብ ድንገት ሊወድቅ ይችላል። አሳዛኙ ነገር ከነካነው ይጋባብናል በሚል ፍርሃት ፈጥኖ የሚያነሣው ሰው ማጣቱ ነው። በሽታው በመንካት አይተላለፍም። ልጁን ከበዓሉ አናስቀረው፤ ከእሳቱ ራቅ ባለ ስፍራ አብሮት የሚቀመጥ ሰው እንመድብለት።

5. አጥቢያው ምን ያድርግ? ቤተሰብስ?

ከበዓሉ አስቀድሞ ሰበካ ጉባኤው የእሳት ጥበቃ ኃላፊ ይሰይም። ኃላፊው በዕለቱ ሌላ አገልግሎት አይደረብበት። የደመራው ስፍራ ከመብራት ገመድ፣ ከሣር ክዳን ቤትና ከዛፍ የራቀ ይሁን። ቢያንስ የደመራው ቁመት እጥፍ በሚሆን ርቀት ዙሪያውን በኖራ መሥመር ይሰመር ወይም ገመድ ይዘርጋ። በርሜል ሙሉ ውኃ፣ ባልዲ፣ አሸዋና ሁለት ወፍራም ጋቢዎች በቅርብ ይቀመጡ። በአቅራቢያ ያለው የጤና ተቋም በዚያ ሰዓት ክፍት መሆኑና ተሽከርካሪ መኖሩ አስቀድሞ ይረጋገጥ።

በበዓሉ ሰዓት ደመራውን የሚለኩሱት የተመደቡ አዋቂዎች ብቻ ይሁኑ። ልጆች በመሥመሩ ውጭ በየክፍላቸው ከመምህራቸው ጋር ይቁሙ። ለትንንሾቹ ከችቦ ይልቅ አደይ አበባ ማስያዝ የበዓሉን ውበት አይቀንስም። ችቦ መያዝ የሚችል ታዳጊ ቢኖር ችቦውን ከራሱ አርቆ ይያዝ፣ አይሩጥ፣ ከአንድ አዋቂ አጠገብ አይለይ። ልጆች ወደ አመዱ ከሚሄዱ ይልቅ አንድ አገልጋይ ከቀዘቀዘው ወገን አንሥቶ ይስጣቸው።

ከበዓሉ በኋላ ፍሙ በውኃ ይጥፋ፤ በአካፋ ተገላብጦ ዳግመኛ ውኃ ይፍሰስበት። ስፍራው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠባቂ አይለየው። ይህ ሥራ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ ስለሚሠራ ምስጋና አይገኝበትም፤ ዋጋው ግን በእግዚአብሔር ዘንድ አይጠፋም።

በቤተሰብ ደግሞ ወላጅ ርችት ገዝቶ ለልጅ ባይሰጥ ይመረጣል። ጎረቤት ሲተኩስ ማየት ከተፈለገ ከሩቅ ይታይ። ሳይፈነዳ የቀረውን ማንም አይንካ፤ ቢያንስ ሃያ ደቂቃ ከቆየ በኋላ አዋቂ ሰው ከሩቅ ውኃ አፍስሶበት በባልዲ ውኃ ውስጥ ይንከረው። ልጆችም መሬት ላይ ወድቆ ያገኙትን ርችት እንዳያነሡና ለአዋቂ እንዲናገሩ በየዓመቱ ይነገራቸው። በቁጣ የተከለከለ ልጅ ተደብቆ ይለኩሳል፤ ምክንያቱ የተነገረው ግን ጓደኛውንም ይመክራል።

6. ቃጠሎ ቢደርስ

ልብሱ የተያያዘ ልጅ እንዳይሮጥ ይደረግ። ፊቱን በእጁ ሸፍኖ መሬት ላይ ይተኛና ይንከባለል፤ ወይም በወፍራም ጋቢ ተጠቅልሎ እሳቱ ይታፈን። ይህን ሦስት ቃል ለልጆች እንደ መዝሙር ማስጠናት ይቻላል፤ ቁም፣ ተኛ፣ ተንከባለል።

እሳቱ እንደ ጠፋ የተቃጠለው አካል በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ለ20 ደቂቃ ይታጠብ። ቧንቧ ከሌለ በጆግ እየተቀዳ ይፍሰስ። ወዲያው ሳይደረግ ቢቀር እንኳ እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ማድረጉ ይጠቅማል። የቀረው የልጁ አካል ግን በልብስ ተሸፍኖ ይሙቅ፤ ሕፃን በብርድ ፈጥኖ ይጎዳልና። በረዶ አይደረግበት። ቁስሉ ላይ ያልተጣበቀ ልብስ፣ አምባርና ቀለበት እብጠት ሳይጀምር ይውለቅ፤ የተጣበቀው ግን አይነቀል።

ሊጥ፣ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና፣ ማር ወይም ጭቃ ፈጽሞ አይቀባ። እነዚህ ሙቀቱን በውስጥ ያፍኑታል፣ ቁስሉን ያመረቅዛሉ፣ ሐኪሙም የጉዳቱን ጥልቀት እንዳያይ ይጋርዱበታል። ውኃ የቋጠረ ቆዳ አይፈንዳ። ቁስሉ በንጹሕ ስስ ፕላስቲክ ወይም በታጠበ ጨርቅ ላላ ብሎ ይሸፈን።

የልጁን መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ወይም የሚበልጥ ቃጠሎ፣ እንዲሁም ፊትን፣ እጅን፣ እግርን፣ ብልትን ወይም መገጣጠሚያን የነካ ቃጠሎ ትንሽ ቢመስልም ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። የእጅ ቃጠሎ ያለ ሕክምና ሲድን ቆዳው ተኮማትሮ ጣቶችን ያጥፋል፤ ከላይ የነገርኋችሁ ልጅ ምስክር ናት። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት አስፈላጊነትም ሐኪሙ ይጠየቅ። ርችት ዓይንን ከመታ አይታሽ፣ አይጫን፣ አይታጠብ፤ ዓይኑን በማይነካ ኩባያ ተከልሎ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይኬድ። በአዲስ አበባ ለእሳት አደጋ 939፣ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መደወል ይቻላል። የካቲት 12 ሆስፒታልም የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው።

ጠበልና ጸሎት ከሕክምናው ጋር የሚሄዱ ናቸው። ካህኑ በመንገድ ላይ ሊጸልይለት ይችላል፤ ልጁን ግን መንገድ ላይ አያቆየው።

7. ለውይይት

በሰንበት ትምህርት ቤትና በሰበካ ጉባኤ ስብሰባ በሚከተሉት ጥያቄዎች እንወያይ።

ባለፈው ዓመት በአጥቢያችን ደመራ ሲበራ የውኃው ኃላፊ ማን ነበር? ስሙን መናገር ካልቻልን የዘንድሮውን ዛሬ እንሰይም።

በቤታችን ልጅ ቢቃጠል ቀድመን የምንሮጠው ወደ ቧንቧው ነው ወይስ ወደ ሊጡ? አያቶችና ሞግዚቶችስ ያውቃሉ?

በዘዳግም 22፥8 የታዘዘው መከታ በእኛ አጥቢያ በዓል ላይ ምን ሊሆን ይችላል?

ውድ አንባብያን፣ በማግስቱ ዓመት ያቺ ልጅ ወደ ደመራው መጣች፤ እናቷ እጇን ይዘው ከሁሉ ኋላ ቆሙ። በዚያ ዓመት ገመድ ዘርግተን፣ በርሜል ሞልተን፣ ሁለት ወጣቶች አቁመን ነበር። አላመሰገነችንም፣ አልወቀሰችንምም። ደመራው ሲለኮስ ግን ከእናቷ ጀርባ ወጥታ ሁለት እርምጃ ያህል ወደ ፊት ቀረበች። ገመዱን ስታይ ቆመች፤ እዚያው ሆና ዘመረች።

የዘንድሮው ክረምትም እየወጣ ነው። ችቦውን እናብራ፣ ደመራውን እንደምር፣ ልጆቻችንም ይዘምሩ። ችቦው ግን ትውፊቱ ወዳኖረው ወደ ወላጅ እጅ ይመለስ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።